«ታብሌቱን ልስጠው ወይስ ይቆለፍበት?»፦ ስለ ጌምና ስለ ልጆች ትምህርት

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ይሄዳል። ለመክሰስ የምሰጠውን ገንዘብ እዚያ እንደሚጨርስ የደረስኩበት በቅርቡ ነው። የሒሳብ መምህሩ ጠርተውኝ ማባዛት ላይ በጣም እንደሚቸገር ነገሩኝ። በዚሁ መካከል ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹የትምህርት ጌም ጫኚለት፤ አእምሮው ይከፈታል› ብሎ ታብሌት ላከልን። ባለቤቴ ደግሞ ‹ያለው አንሶት ነው?› ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። የስድስት ዓመት ሴት ልጅም አለችን፤ እሷም አምጡ እያለች ታለቅሳለች። ማንን ልስማ? እውነት በጌም ትምህርት ይገኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እዚሁ ጅማ ውስጥ በትምህርታቸው የሚቸገሩ ልጆችን ማየት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንደዚህ ጥያቄ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይታገሡኝ።

አዎ፣ በጌም ትምህርት ይገኛል። ነገር ግን ጌም ልጅን የሚያስተምረው፣ ለማሸነፍ ሲል የሚያሠራውን ነገር ብቻ ነው። ለማሸነፍ ጣት ማፍጠን የሚበቃ ከሆነ ጣቱ ይፈጥናል። ለማሸነፍ ማካፈል ግድ ከሆነ ማካፈል ይለምዳል። ጨዋታው ላይ «የትምህርት» የሚል ስም መለጠፉ ይህን አይለውጠውም። የወንድምዎ ተስፋም የባለቤትዎ ስጋትም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት አንድ አባት የልጅዎ እኩያ የሆነ ልጁን ይዞ ቢሮዬ መጣ። የማባዛት ጌም ስልኩ ላይ ጭኖለት ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ተጫውቶበታል። ከሦስት መቶ በላይ ኮከብ መሰብሰቡን አባትየው በኩራት አሳየኝ፤ የክፍል ውጤቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ግራ ተጋብቷል። «እስቲ ስትጫወት ልይህ» አልኩና ከልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። መኪና ትሮጣለች። ከላይ «7 × 8» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ከታች አራት መልሶች ይደረደራሉ። ልጁ ጥያቄውን ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። ዓይኑ መኪናዋ ላይ እንደተተከለ አውራ ጣቱ አራቱን መልሶች ከግራ ወደ ቀኝ እየነካካ ያልፋል። መሳሳት ምንም አያስከፍልም፤ ትክክለኛው መልስ ሲነካ መኪናዋ ትፈተለካለች፤ ኮከብ ይጨመራል። አንዱ ጥያቄ ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም። ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ «ሰባት በስምንት ሲባዛ?» አልኩት። የእርሳሱን ጫፍ መንከስ ጀመረ። አባቱን አየ። እኔን አየ። መልስ አልመጣም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ጨዋታው የሰጠውን እንቆቅልሽ በሚገባ ፈትቶታል፤ እንቆቅልሹ ግን «ሳላሰላ እንዴት ኮከብ ላግኝ?» የሚል ነበር። ጥፋቱ ያንን ጌም የሠሩት ሰዎች ነው። የድሮ እናቶች ኮሶን በማር አዋዝተው ያጠጡ እንደነበረው፣ ልጅ የሚወደውን የመኪና እሽቅድድም ወስደው በየመካከሉ የሒሳብ ጥያቄ ሰነቀሩበት። ልጅ ደግሞ ማሩን ልሶ ኮሶውን ይተፋል። በገበያ ላይ «የትምህርት» ተብለው ከሚቀርቡት ጌሞች አብዛኞቹ በእኔ ግምት ከዚህ ወገን ናቸው፤ ወንድምዎ በቅን ልቦና «ጫኚለት» ሲሉ መጀመሪያ እጅዎ ውስጥ የሚገቡትም እነዚሁ ናቸው።

ሌላ ዓይነት ጌም አለ። ጃኮብ ሃብጉድና ሻሮን ኤንስዎርዝ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ጌም ሠሩ። ደረታቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው አጽሞች ይመጣሉ፤ ልጁ ያንን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል መሣሪያ መርጦ ካልመታ አጽሙ አይወድቅም። ማካፈሉ ራሱ ውጊያው ነው ማለት ነው። ከዚያ ያንኑ ጌም በሌላ መልክ አዘጋጁት፤ አጽሞቹ ላይ ቁጥር የለም፤ የማካፈል ጥያቄው የሚቀርበው ውጊያው ካለቀ በኋላ ለብቻው ነው። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። በእኩል ሰዓት የተሻለ የተማሩት ማካፈሉ የውጊያው አካል የሆነላቸው ልጆች ነበሩ። ልጆቹ በፈቃዳቸው እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ በዚህኛው ላይ ሰባት እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ተጫወቱ። ይህ ሁለተኛው ውጤት ብዙ ወላጅ የማይጠብቀው ነው። ትምህርቱ ከጨዋታው ጋር አንድ ሲሆን ደስታው አልቀነሰም፤ ጨመረ።

ስለዚህ ታብሌቱ ከቁም ሳጥን ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ከልጅዎ ጎን መቀመጥ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አይምከሩት፣ አያርሙት፤ ዝም ብለው ጣቱንና ዓይኑን ይዩ። ጥያቄው ሲመጣ ቆም ይላል? ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል? ጣቱን ይቆጥራል? እነዚህ ያማሩ ምልክቶች ናቸው፤ አእምሮው ሥራ ላይ ነው። ጣቱ ሳያቋርጥ የሚሮጥ ከሆነ፣ ሲሳሳትም ምንም የማይቀርበት ከሆነ፣ ያንን ጌም ያጥፉት፤ ሺህ ኮከብ ቢሰጥም ያጥፉት። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «እዚህ ላይ ለማሸነፍ ምን ማወቅ አለብኝ? አስተምረኝ።» ልጅ ሊያስረዳ የቻለውን ነገር በእርግጥ ይዞታል። እናትህን ወይም አያትህን አስተምር ሲባል ደግሞ የሚሰማውን ኩራት በዓይንዎ ያዩታል። የጌሙ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ማስረዳቱ በቤታችሁ ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፣ ልጁ አስቦ በሚናገርበት። የጅማ ልጅ ሁለቱንም እየቀላቀለ ቢያስረዳ አይከፋም፤ ሐሳቡ ይውጣ ብቻ።

አሁን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ልምጣ፤ በእውነቱ ከታብሌቱ ይልቅ ተስፋ ያደረብኝ እዚያ ነው።

ልጅዎ እዚያ የሚጫወተው የእግር ኳስ ጌም እንደሆነ እገምታለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከ5 ላይ 7 መቀነስ «አይቻልም» አለኝ። ትክክል ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተማረው እንደዚያ ነው። ኳስ እንደሚወድ ከእናቱ ሰምቼ ስለነበር ጥያቄውን ለወጥኩት። «ቡድንህ በሁለት ጨዋታ 5 ጎል አግብቶ 7 ቢቆጠርበት፣ ሰንጠረዡ ላይ ምን ይጻፋል?» ትንሽ እንኳን አላመነታም፤ «ሁለት የግብ ዕዳ» አለ። «በሚቀጥለው 3 ለ 0 ቢያሸንፍስ?» «ዕዳውን ከፍሎ አንድ ንጹሕ ጎል ይኖረዋል።» ወረቀቱ ላይ -2 + 3 = 1 ብዬ ጻፍኩና «ይኸው አሁን የነገርከኝ» አልኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ «ይሄ የስድስተኛ ክፍል አይደለም እንዴ?» ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። የልጁን ፊት አልረሳውም።

እህቴ፣ ጌሙ ለዚህ ልጅ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር አላስተማረውም። ሰንጠረዡን መቶ ጊዜ አሳይቶት ዕውቀቱ በውስጡ ተኝቶ ነበር፤ በጥያቄ የቀሰቀሰው ሰው ነው። ልጅ ከጌም የሚያገኘው ትምህርት አብዛኛው የሚሠራው ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ በሚደረግ ወሬ ነው። በዚህ ረገድ እንደ ጅማ የሚመች ከተማ የለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ነው። ለዚህ ከተማ ልጅ የግብ ልዩነት ደረቅ ሒሳብ አይደለም፤ ታሪኩ ነው። ባለቤትዎ ያንን ዓመት ያስታውሱ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ለልጁ ቢያወሩለት ከእኔ ምክር ይበልጣል።

የልጅዎ ችግር ማባዛት ነው ብለዋል። ማሸነፍ 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ መሆኑን ልጅዎ ከእኔም ከእርስዎም በተሻለ ያውቃል። «7 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ አቻ የወጣ ቡድን ስንት ነጥብ አለው?» ሲሉት 7 በ3 አባዝቶ፣ 4 ጨምሮ 25 ይልዎታል፤ ማባዛት እንደማይችል የተነገረለት ልጅ ነው እንግዲህ። የሦስት ብዜት ሲለምድ አንድ ደብተር ይስጡትና የራሳችሁን ሊግ መሥርቱ። ቡድኖቹን እሱ ይሰይም፤ የሰፈር ጓደኞቹ ስም ሊሆን ይችላል። ሕጉን ግን ቀይሩት፦ በዚህ ሊግ ማሸነፍ 4 ነጥብ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 6 ይሁን። ከዚያ 7። «8 ጊዜ ያሸነፈው ቡድን ስንት ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁት 56 ለማለት የሚታገለው ለፈተና ብሎ አይደለም፤ ቡድኑ አንደኛ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። ይህንን ከተለያዩ ልጆች ጋር ሞክሬዋለሁ። ሁሉም በአንድ ሳምንት አልተለወጡም። ነገር ግን ደብተሩን ሳይጠየቁ ከፍተው የሚቀመጡበት ቀን ይመጣል፤ እኔ የምጠብቀውም ያንን ቀን ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤቱን በተመለከተ የሚያሳስበኝ ኳሱ አይደለም። ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የመክሰስ ገንዘቡ ነው፤ ልጁ ሳይበላ እየዋለ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚባለው ልማድ ነው። በብዙ ቤቶች የታወቀ ነው፤ ለትልልቆቹ ቀልድ ይመስላል፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ቁማር መለማመጃ ነው። ይህንን በግልጽ ይከልክሉ፤ እዚህ ላይ ድርድር አያስፈልግም። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ መሄዱ። ሮበርት ዋይስና ብሪታኒ ሴራንኮስኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ቤታቸው ጌም የሌላቸውን ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች ለሁለት ከፈሉ። ለገሚሱ ፕሌይስቴሽን ወዲያውኑ ሰጡ፤ ለገሚሱ ከአራት ወር በኋላ። በእነዚያ አራት ወራት ጌሙን ያገኙት ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ለጥናት የሚያውሉት ጊዜ አነሰ፤ በንባብና በጽሕፈት ውጤታቸውም ከሌሎቹ በታች ሆኑ። አእምሮአቸው አልተበላሸም፤ ጊዜያቸው ተበላ። ስለዚህ ባለቤትዎ ያለ ምክንያት አልፈሩም። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ቤት፣ መክሰስ፣ የቤት ሥራ፤ ከዚያ ጌም። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ደግሞ ቅዳሜ ብቻ፣ ከአባቱ ወይም ከሚያምኑት ታላቅ ልጅ ጋር ይሁን።

ጊዜውን ሲወስኑ በደቂቃ ባይሆን እመርጣለሁ። «ግማሽ ሰዓት አለቀ» ብሎ በጨዋታ መሀል መንጠቅ ለልጅ ቁጣ ነው፤ 89ኛው ደቂቃ ላይ ቴሌቪዥን ቢያጠፉብን እኛስ ምን እንላለን? «ሁለት ግጥሚያ» ወይም «አንድ ደረጃ እስክትጨርስ» ይበሉ፤ ጨዋታው ራሱ በሚያልቅበት ቦታ ይቁም። ሁለቱ ግጥሚያ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስቀድመው ይለኩት እንጂ ሕጉን ልጁ እንዲተረጉመው አይተዉት። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ግን ምንም ዓይነት ስክሪን አይኑር። የዚህ ዕድሜ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ያልተኛ ልጅን የትኛውም ጌም አያስተምረውም።

ታብሌቱ ላይ ምን ይጫን? ጥቂት ብቻ። ሃያ ጌም የተጫነበት ታብሌት ላይ ልጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፤ አንዱም ሲከብድበት አይቆይም። ትምህርት ደግሞ ያለው የከበደው ቦታ ላይ ነው።

ለሁለቱም ልጆች የምመርጠው የመጀመሪያው ጂኮምፕሪ ይባላል። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው፤ ከመቶ በላይ ልዩ ልዩ መልመጃዎችና ጨዋታዎች አሉበት። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ኔትወርኩ በሄደ ቁጥር ሥራው አይቆምም፣ የዳታ ገንዘብም አይበላም። ሥዕሉ እንደ ውድ ጌሞች አይብረቀረቅም። ወንድ ልጅዎ መጀመሪያ ላይ አፍንጫውን ሊነፋበት ይችላል፤ እህቱን እንዲያስተምር ሥራ ይስጡት።

ሁለተኛው ስክራች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጣ ሲሆን ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው። ልጅ በዚህ ላይ ጌም አይጫወትም፣ ጌም ይሠራል። ትእዛዞቹ እንደ ሸክላ ጡብ እየተገጣጠሙ ነው የሚሄዱት፤ የአማርኛ ገጽታም አለው። ልጅዎ በሁለት ወር ውስጥ ለእህቱ የመደመር ጥያቄ የምታቀርብ ድመት ሊሠራላት ይችላል። ድመቷ ትክክለኛውን መልስ እንድታውቅ መጀመሪያ እሱ ማወቅ አለበት። ከማንኛውም ጌም አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ከተቻለ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ደግሞ ለእጁ ይመቸዋል። ታጋሽ ታላቅ ልጅ ወይም መምህር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሮት ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ብቻውን ከተተወ ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስተኛው የግንባታ ጌም ነው። ማይንክራፍት የተባለው የስዊድን ጌም በዓለም የታወቀ ነው፤ የሚሸጥ ነው። ተመሳሳይ ነገር ነፃ ከፈለጉ ሉዋንቲ አለ፤ ቀድሞ ማይንቴስት ይባል ነበር። በኩብ ኩብ ድንጋይ ቤት፣ ድልድይ፣ የፈለጉትን መሥራት ነው። እንዲሁ ከተተወ ልጁ ሲቆፍር ይውላል። ስለዚህ ሥራ ይሰጠዋል። አንድ እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ ጅሬን ውጡ፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ዞራችሁ እዩ። ወርዱን በእርምጃ ይለካ፣ የበረንዳውን ምሰሶዎች ይቁጠር፣ ደብተሩ ላይ ይሣል። ከዚያ ጌሙ ላይ ይገንባው። «እርምጃህን አንድ ኩብ ብናደርገው ስንት ኩብ ይሄዳል? ፎቁን ስትሠራ ወለሉ ስንት በስንት ነው?» ወለል ላይ 6 በ9 ኩብ ሲደረድር 54 የሚለው ቁጥር ከፊቱ ተዘርግቶ ይታየዋል። ማባዛት ማለት ቦታ መሙላት መሆኑን ልጅ በዓይኑ ሲያየው፣ የቃል ጥናቱ መሠረት ያገኛል።

ሲጭኑ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ነፃ» ተብለው ውስጥ ገብተው ሳጥን ግዛ፣ አልማዝ ግዛ የሚሉ ጌሞችን አይቀበሉ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ ገንዘብ ከፍሎ መክፈትን ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላ ከልክላለች። የወንድምዎ የባንክ ካርድ ታብሌቱ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ዛሬውኑ ያስጠፉት። መጫንና መክፈል በእርስዎ የይለፍ ቃል ብቻ እንዲሆን ያድርጉ።

የስድስት ዓመቷን ልጅ አልረሳኋትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እሷ ከዚያ ዕድሜ ብትወጣም በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ያውም አጠገቧ ሰው ተቀምጦ፣ ለእኔ በቂ ነው። ለእሷ ከታብሌቱ የተሻለ ነገር አለኝ፤ ካርቶንና እስክሪብቶ። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ከ1 እስከ 10 ቁጥሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ። የቁጥር ዕውቀታቸው በግልጽ ተሻሻለ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋም። በቁጥር ፈንታ ቀለም ብቻ ያለበት ሰሌዳ ላይ የተጫወቱት ልጆች ግን ምንም አልተለወጡም። ምስጢሩ አንዲት ሕግ ነበረች፦ ልጁ 5 ላይ ቆሞ በዕጣ ሁለት ሲወጣለት «አንድ፣ ሁለት» አይልም፤ «ስድስት፣ ሰባት» እያለ ነው የሚሄደው። እርስዎ ለስድስት ዓመት ልጅ ስለሆነ እስከ 20 ያስረዝሙት፣ በኋላም እስከ 50። ለመንቀሳቀሻ የቡና ፍሬ ይበቃል፤ እሱ ደግሞ ጅማ ላይ አይጠፋም።

የቡና ፍሬ ካነሣሁ አይቀር፣ መብራት የጠፋ ምሽትና ያ የማያባራ የጅማ ዝናብ ለገበጣ የተሰጡ ናቸው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በአገራችን የሚጫወቱትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል፤ በዚህ አካባቢም የሚያውቁት ሽማግሌዎች አይጠፉም። ገበጣን የማነሣው ስለ ባህል ብዬ ብቻ አይደለም። ከላይ የነገርኩዎትን ፈተና ያለ አንዳች ጉድለት ያልፋል፤ ፍሬዎቹ የት እንደሚያልቁ አስቀድሞ ያልቆጠረ ልጅ አያሸንፍም። ጣት ማፍጠን አይረዳውም። የወንድምዎ ታብሌት ላይ የሚጫነው ጌም ከገበጣ ጋር ሲተያይ ልጁን ያንኑ ያህል የሚያሳስብ ከሆነ ጥሩ ጌም ነው። ሁለቱን ልጆች አንድ ምሽት አጫውተው ይዩአቸው፤ ታላቁ ከመዝራቱ በፊት ዓይኑን በጉድጓዶቹ ላይ ሲያመላልስ ያያሉ። ያንን የዓይን መመላለስ ይያዙት፤ ታብሌት ላይ ሲጫወት የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

መቼ ነው መስጋት ያለብኝ ቢሉኝ፦ ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ የጌም ሱስን ሲገልጽ፣ ሰውየው መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከትምህርት፣ ከሰው ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም መተው ሲያቅተው፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ያህል ሲቀጥል ነው ይላል። የልጅዎ ነገር ከጻፉልኝ ተነሥቼ ስመዝነው ይህንን አይመስልም። ነገር ግን ሕጉን ካወጡ በኋላ ገንዘብ መስረቅ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ወይም ጓደኞቹን ሁሉ መተው ካዩ አይዘግዩ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ማባዛቱም ከሦስት ወር ጥረት በኋላ ፈቀቅ ካላለ፣ ወይም ትናንሽ ቁጥሮችን እንኳን ሁልጊዜ በጣት የሚቆጥር ከሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ይዘውት ይምጡ። ዓይኑንም ያስመርምሩለት፤ ሰሌዳው ሳይታየው «ሒሳብ አይገባውም» የተባለ ልጅ አይቻለሁ።

አሁን ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ቁም ሳጥኑ ይከፈት፤ ቁልፉ ግን አባትየው ጋ ይሁን፣ ታብሌቱን አውጥቶ የሚሰጠውም የሚቀበለውም እሱ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጂኮምፕሪ ብቻ ይጫን። የሊጉ ደብተር በዚያው ቀን ይጀመር፤ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አባትና ልጅ አብረው ያስምሩ። መምህሩንም ሄደው ያነጋግሩ፤ በዚህ ወር የሚያስተምሩት የስንት ብዜት እንደሆነ ይጠይቁና የሊጉን ነጥብ በዚያው ልክ ያድርጉት። ከአንድ ወር በኋላ ጌሙ ስንት ኮከብ እንደሰጠው አይንገሩኝ። ወረቀት ላይ 7 × 8 ጽፈው ከፊቱ ያስቀምጡና ምን እንዳደረገ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ሰንጠረዡን አሰበ፣ ወይስ ዝም አለ፣ ያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ።